«ዲያቦሊካል» ሁለት ጉርሻ አይደለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ሲዞር ሰነበተ። መጀመሪያ አክስቴ ላከችልኝ። በማግስቱ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ «አንተ የቋንቋ ሰው ነህ፣ እስቲ እየው» ብሎ ላከው። በሳምንቱ ደግሞ እንግሊዝኛ በማስተምርበት የማታ ክፍል አንድ ተማሪ ስልኩን ከፍ አድርጎ «ቲቸር፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» አለኝ። ግማሹ ክፍል አንብቦታል። ያን ቀን አጭር መልስ ሰጥቼ አለፍኩ። ቤቴ ስገባ ግን ቅር አለኝ። ይህን ያህል ሰው ያመነበትን ነገር «ስህተት ነው» ብሎ ብቻ ማለፍ አንባቢውን መናቅ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ይህን ጻፍኩ።

ጽሑፉ የሚያወራው «ዲያቦሊካል» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ተራውን መጥፎ ነገር «ባድ» ይሉታል። ጠንከር ሲል «ኢቭል» ይሆናል። ክፋቱ ታስቦበት የተጠነሰሰ፣ «ሰው እንዲህ ያስባል ወይ?» የሚያሰኝ ሲሆን ነው «ዲያቦሊካል» የሚመጣው።

ጸሐፊው አምስት ነገር ይላል። ሳልጨምር ሳልቀንስ ላስቀምጠው። አንደኛ፣ ሰይጣን ማለት የሆነው «ዴቭል» «ኢቭል» ላይ አንድ ፊደል ተጨምሮ የተሠራ ነው፤ ትርጉሙም «ክፉ አድራጊ» ነው። ሁለተኛ፣ «ኢቭል» ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ «ሊቭ» ማለትም «ኑር» ይሆናል፤ ይህም ሆን ተብሎ የተደበቀ ምስጢር ነው። ሦስተኛ፣ እኛ «ዲያብሎስ» የምንለው ከእንግሊዝኛው ተወስዶ በሚሲዮናውያን በኩል የገባ ነው፤ የራሳችን ቃል «ሰይጣን» ብቻ ነው። አራተኛ፣ «ዲያ» ሁለት፣ «ቦሎስ» ጉርሻ ነው፤ ሥጋን አንድ ጉርሻ፣ ነፍስን አንድ ጉርሻ አድርጎ የሚውጥ ማለት ነው። አምስተኛ፣ የቃሉ ሥር ይህ ከሆነ «ዲያቦሊካል» ብሎ መናገር የክፉውን ስም መጥራት ነው፤ ስለዚህ አማኝ ሰው ከአፉ ሊያወጣው አይገባም።

ጸሐፊው በክፉ ልብ የጻፈው አይመስለኝም። ስለ ቃላት የሚጨነቅ ሰው ነው፤ እኔም እንደዚያው ነኝ። አንድ ዋና ነገርም አግኝቷል። «ዲያቦሊካል»፣ «ዴቭል» እና የእኛ «ዲያብሎስ» በእርግጥ ዘመዳሞች ናቸው። የማንስማማው ዝምድናው በየት በኩል እንደመጣ ነው።

ከ«ዴቭል» እና «ኢቭል» እንጀምር። ዛሬ ባላቸው መልክ ጎን ለጎን ስታስቀምጣቸው መንትያ ይመስላሉ። ግን የዛሬ መልክ ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። «ኢቭል» በጥንቱ እንግሊዝኛ «ዩቨል» ዓይነት ድምፅ ነበረው። የጀርመኖቹ «ዩበል» ወንድሙ ነው። የቤቱ ልጅ ነው ማለት ነው፤ እነዚያ ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ይዘውት የኖሩት ቃል ነው። «ዴቭል» ግን በእንግድነት የገባ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ዴዮፎል» ይባል ነበር። እሱ ከላቲኑ «ዲያቦሉስ» መጣ፣ ላቲኑ ደግሞ ከግሪኩ «ዲያቦሎስ»። ስለዚህ መጀመሪያው ላይ ያለችው ፊደል እንግሊዞች የጨመሯት አይደለችም። እነሱ ቃሉን ከመስማታቸው በፊት ግሪክ ውስጥ ነበረች።

ጎረቤቶቹንም እንጠይቅ። ጀርመን ሰይጣንን «ቶይፈል»፣ ክፉን «ዩበል» ይላል። ፈረንሳይ «ዲያብል» እና «ማል» ይላል። ጣሊያን «ዲያቮሎ» እና «ማሌ» ይላል። የሰይጣን ስም በየቤቱ ያው አንዱ ነው። ለክፉ ያላቸው ቃል ግን የተለያየ ነው። ከእነዚህ ቤቶች ሁለቱ እንዲህ የተመሳሰሉት እንግሊዝኛ ቤት ነው፣ ያውም በአጋጣሚ።

አጋጣሚ እንዲህ ሊያመሳስል አይችልም የሚል ካለ አንድ ምሳሌ ልስጥ። በፋርስኛ «ባድ» ማለት መጥፎ ማለት ነው። በእንግሊዝኛም «ባድ» ማለት መጥፎ ማለት ነው። ድምፁም አንድ፣ ትርጉሙም አንድ። ሆኖም ሁለቱ ቃላት ምንም ዝምድና የላቸውም። የቋንቋ ጥናት መምህራን ጀማሪ ተማሪን ለማስጠንቀቅ የሚያነሱት የታወቀ ምሳሌ ነው። በመልክ መመሳሰል ዝምድና ከሆነማ መንገድ ላይ ያየነው ሁሉ ዘመዳችን ሊሆን ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ብዙ አያቆየንም። «ኢቭል» ተገልብጦ «ሊቭ» የሚሆነው በዛሬው አጻጻፍ ነው። ቃላቱ ሲወለዱ እንዲህ አይጻፉም ነበር። መኖር በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሊባን» ነበር፤ «ዩቨል»ን የቱንም ያህል ብትገለብጠው «ሊባን» አይወጣውም። ጀርመኖች መኖርን «ሌበን» ይሉታል፤ በፊደላቸው ሲገለበጥ «ኔበል» ይሆናል፣ ጉም ማለት ነው። ከእኛም ቤት አንድ አለ፦ «ልብ» ሲገለበጥ «ብል» ነው። ሣጥን ውስጥ ገብቶ ጋቢ የሚበሳው ብል። ፊደላችንን የቀረጹ አባቶች ልብ ውስጥ ብል ሊደብቁ አስበው ነበር የሚል ሰው አላውቅም። ፊደል ጥቂት ነው፣ ቃል ግን ብዙ ነው። ሲገለበጥ ሌላ ቃል የሚሆን መገኘቱ አይቀርም።

ሦስተኛው ነጥብ ግን አሳዝኖኛል። «ዲያብሎስ» ከእንግሊዝኛ ተውሰን ያገኘነው ነው መባሉ የራሳችንን ታሪክ መርሳት ነው።

ቃሉን ራሱን እንየው። መጨረሻው ላይ «ስ» አለች። ይህች «ስ» የግሪክ ማኅተም ናት። ክርስቶስ፣ ጴጥሮስ፣ ጳውሎስ፣ ማርቆስ ስንል የግሪኩን ጫፍ እንደነበረ ይዘናል። እንግሊዞች ክራይስት፣ ፒተር፣ ፖል፣ ማርክ ሲሉ ያችን ጫፍ ጥለዋታል። «ዴቭል» ላይም «ስ» የለችም። ከእነሱ ብንወስድ ኖሮ ያልነበራቸውን «ስ» ከየት እናመጣት ነበር? አንድ ሰው ኮፍያ ከሌለው ሰው ኮፍያ ሊዋስ አይችልም። ቃሉን ያገኘነው ከግሪኩ ነው። በአክሱም ዘመን ቅዱሳት መጻሕፍት ከግሪክ ወደ ግዕዝ ሲተረጎሙ ነው የመጣው።

ዘመኑም ይመሰክራል። ዓድዋ አካባቢ በሚገኘው የአባ ገሪማ ገዳም ያሉት የግዕዝ ወንጌሎች ብራናቸው በካርቦን ተመርምሯል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። ከሮም የተላከው መነኩሴ አውግስጢኖስ እንግሊዞችን ሊያስተምር ኬንት የደረሰው በ597 ነው። እስከ ዛሬ የተረፈው ጥንታዊ የአራቱ ወንጌላት የእንግሊዝኛ ትርጉም በ10ኛው ክፍለ ዘመን በላቲኑ መስመሮች መሃል በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ነው። አባቶቻችን «ዲያብሎስ»ን ሲያነቡ ሊያበድረን የሚችል እንግሊዝኛ ገና አልነበረም።

እርግጥ የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ በማሳተም የውጭ ሰዎች ድርሻ ነበራቸው። ሙሉው መጽሐፍ በ1840 እ.ኤ.አ. የታተመው በእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ነው። ጸሐፊው ይህን ሰምቶ ከሆነ ግራ የተጋባው ይገባኛል። ግን ተርጓሚው ካይሮ ተቀምጦ የሠራ አቡ ሩሚ የሚባል ኢትዮጵያዊ ነበር። «ዲያብሎስ» የሚለውን ቃልም እሱ አልፈጠረውም፤ ከግዕዙ ተረክቦ ነው። «ሰይጣን» ብቻ የራሳችን ነው የሚለውም አያስኬድም። እሱም መነሻው ዕብራይስጡ «ሳታን» ነው፤ ባላጋራ ማለት ነው። ሁለቱም ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር መጥተው እዚህ አገር የኖሩ ናቸው።

አሁን ወደ ሁለቱ ጉርሻ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ጸሐፊው ከራሱ ያመጣው አይደለም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጀርመን ሃይንሪክ ክራመር የሚባል የዶሚኒካን መነኩሴ «ማሌውስ ማሌፊካሩም» የተባለ የላቲን መጽሐፍ አሳተመ። የጠንቋዮች መዶሻ ማለት ነው። ጠንቋይ የተባሉ ሰዎች፣ በተለይ ሴቶች፣ እንዴት ተይዘው እንደሚመረመሩና እንደሚቀጡ የሚያስተምር ነው። «ዲያ» ሁለት፣ «ቦሉስ» ጉርሻ፣ ሥጋንና ነፍስን ስለሚገድል የሚለው ፍቺ እዚያ ውስጥ አለ።

እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሌላም ፍቺ አለ። ሴት በላቲን «ፌሚና» ናት። መጽሐፉ ቃሉን ለሁለት ይቆርጠዋል። «ፌ» እምነት ነው ይላል። «ሚና» ደግሞ «ሚኑስ» ነው፣ ያነሰ ማለት ነው ይላል። ስለዚህ ሴት ማለት በተፈጥሮዋ እምነቷ ያነሰ ማለት ናት ብሎ ይደመድማል። ውሸት ነው። «ፌሚና» የመጣው ማጥባት የሚል ትርጉም ካለው ጥንታዊ ሥር ነው። እስቲ አስቡት። የምታጠባ የሚል ስም የተሸከመችን እናት፣ ቃሏን ቆራርጠው እምነት የለሽ አደረጓት። ያ መጽሐፍ ደጋግሞ ታተመ። በአውሮፓ በእነዚያ ክፍለ ዘመናት በጥንቆላ ተከሰው የተገደሉት በታሪክ ጸሐፊዎች ግምት ከ40,000 እስከ 60,000 ይሆናሉ። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። የቃል ፍቺ ብቻውን ሰው አልገደለም። ግን ለክሱ የሊቅ ልብስ ያለበሰው እንዲህ ያለው ፍቺ ነበር። «ምን አለበት፣ ቆንጆ ፍቺ አይደል» ለሚሉኝ ወዳጆቼ እሺ የማልለው ለዚህ ነው።

እውነተኛው ሥር ምንድን ነው? በግሪክ «ዲያ» ማለት አቋርጦ፣ አሻግሮ ማለት ነው። ዲያሜትር ክቡን አቋርጦ የሚለካው መስመር የተባለው ለዚህ ነው። ሁለት በግሪክ «ዲዮ» ነው። እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር ልተውለት፦ ሁለቱ ቃላት በጣም ጥንት ከአንድ ሥር ሳይወጡ አልቀሩም የሚሉ ሊቃውንት አሉ። «ቦሎስ» የሚባል ጓል ማለት የሆነ የግሪክ ቃልም አለ፤ የላቲኑ ጉርሻ ከዚያ ነው የመጣው። ግን በ«ዲያቦሎስ» ውስጥ ያለው እሱ አይደለም። ውስጡ ያለው «ባሎ» ነው፣ መወርወር። «ዲያባሎ» ማለት አሻግሮ መወርወር ነው። «ሲምቦል» እና «ፕሮብሌም» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላትም ከዚሁ መወርወር የወጡ ናቸው። የመጀመሪያው አንድ ላይ የተጣለ፣ ሁለተኛው ፊት የተጣለ ማለት ነው።

መወርወር ከሰይጣን ጋር ምን አገናኘው? መልሱን ለማግኘት ግሪክ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ሁለት ጎረቤታሞች ቡና ላይ ተቀምጠዋል እንበል። ሦስተኛዋ ትመጣለች። ሁለተኛው ሲቀዳ ስኒዋን ተቀብላ፣ ማንንም ሳታይ፣ «አንዳንድ ሰው እኮ ፊት ለፊት ይስቅና…» ብላ ታቆማለች። ሌላ ምንም አትልም። ቡናዋን ጠጥታ ትወጣለች። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱ ጎረቤታሞች እንደ ድሮው አይሆኑም። አንዷ ሌላዋን «እኔን ይሆን?» እያለች ታያታለች። እኛ ይህን ምን እንለዋለን? «ነገር ወረወረች» እንላለን። ግሪኮችም ያሉት ይህንኑ ነው። በሰውና በሰው መሃል ቃል መወርወር። ዲያቦሎስ ማለት ነገር ወርዋሪ፣ ስም አጥፊ፣ አጣይ ማለት ነው።

ቃሉ መጀመሪያ የመንፈስ ስም እንኳ አልነበረም። ሶቅራጥስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 አቴና ውስጥ ለፍርድ ቀርቦ ሲከራከር፣ ፕላቶን እንደጻፈው፣ ፊቱ ከቆሙት ከሳሾች አስቀድሞ ለብዙ ዓመታት ሲወራበት ለኖረው ስም ማጥፋት መልስ መስጠት እንዳለበት ይናገራል። ለስም ማጥፋቱ የተጠቀመበት ቃል «ዲያቦሌ» ነው። ቀንድም ጅራትም የለበትም። የጎረቤት ወሬ ነው። ወሬው ግን ሰውየውን መርዝ አስጠጣው።

የመንፈስ ስም የሆነው በኋላ ነው። በእስክንድርያ የነበሩ አይሁድ ሊቃውንት ቅዱሳት መጻሕፍታቸውን ወደ ግሪክ ሲመልሱ «ሳታን» የሚለውን በ«ዲያቦሎስ» ተረጎሙት። ለምን እንደመረጡት መጽሐፈ ኢዮብን የከፈተ ሰው ይገባዋል። ሰይጣን በእግዚአብሔር ፊት ቆሞ የሚያደርገው ምንድን ነው? ኢዮብ የሚፈራህ በከንቱ አይደለም፣ ያለውን ብትነካበት ይሰድብሃል ይላል። በአምላክና በአገልጋዩ መሃል ነገር መወርወሩ ነው። ራእዩም «የወንድሞቻችን ከሳሽ» ይለዋል። ሁለት ጉርሻ ሳያስፈልግ ቃሉ ራሱ የልኩን ተናግሯል።

ይህ ከተያዘ አምስተኛው ነጥብ መቆሚያ ያጣል። ጸሐፊው ቃሉ ለክፉው ብቻ የተጠበቀ ነው ይላል። ግን ሐዋርያው ራሱ ለሰው ተጠቅሞበታል። ለጢሞቴዎስ በተላከው በመጀመሪያው መልእክት፣ ምዕራፍ 3 ቁጥር 11 ላይ ሴቶች እንዴት መሆን እንዳለባቸው ሲዘረዝር አማርኛችን «የማያሙ» ይላል። ለቲቶ በተላከው ምዕራፍ 2 ቁጥር 3 ላይም እንዲሁ «የማያሙ»። በሁለተኛው ጢሞቴዎስ 3፥3 ደግሞ «ሐሜተኞች»። በሦስቱም ቦታ ግሪኩ ላይ ያለው ቃል «ዲያቦሎስ» ነው፣ በብዙ ቁጥር። ተርጓሚዎቻችን ቦታውን አይተው በትክክል «ሐሜት» አሉት። ይህን ለአክስቴ በስልክ ሳነብላት ትንሽ ዝም አለችና «ታዲያ እኛ ቡና ላይ የምናደርገው ምኑ ነው?» አለችኝ። ቃሉ ከበፊቱ ይልቅ ቀርቦ ያስፈራት ያኔ ነው።

ታዲያ ሥሩ ስም ማጥፋት ከሆነ «ዲያቦሊካል»ን ለጭፍጨፋና ለሴራ መጠቀም ስህተት ነው ማለት ነው? አይደለም። አንድ ወዳጄ እንዲህ ብሎ ሞግቶኛል፣ እሱም ከጸሐፊው ጋር አንድ ስህተት ይጋራል። ሥር የቃል ልደት እንጂ ዕጣ አይደለም። በእንግሊዝኛ ወሮበላ የሚባለው «ቪለን» መነሻው የእርሻ ሠራተኛ፣ ገበሬ ማለት ነበር። ከተሜና መኳንንት እየናቁት ገበሬው ስድ ሆነ፣ ከዚያ ወንበዴ ሆነ። «ባላገር» የሚለው የእኛ ቃል አገር ያለው ሰው ማለት ሆኖ ሳለ አዲስ አበባ ውስጥ ስድብ ሲሆን ሰምተናል። መንገዱ አንድ ነው። «ዲያቦሊክ» በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ «የሰይጣን የሆነ» ማለት ነበር። «ዲያቦሊካል» የሚለው ረዘም ያለ መልክ በ1500 አካባቢ ታየ። ቀስ በቀስ ለሰው ሥራ ዋለ፣ ሰይጣን ያስባት የምትመስል ክፋት ለማለት። ዛሬ እንግሊዝ አገር ምግብ ቤት ገብቶ መስተንግዶው ያስመረረው ሰው «ዲያቦሊካል» ብሎ ይወጣል። ማንንም አልጠራም። በጣም መጥፎ ነበር ማለቱ ነው።

ጸሐፊው ቃልን በጥንቃቄ ያዙ ማለቱን እቀበላለሁ። የሰው ልጅ ላይ «ሰይጣን» ብሎ መለጠፍ ቀላል ነገር አይደለም፤ እኛም አገር ስንት ሰው በዚህ ተጎድቷል። ግን ጥንቃቄው መጀመር ያለበት ከፍቺው ነው። ያልተጣራ ፍቺ ለሺህ ሰው መላክም ነገር መወርወር ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ክፍሉን ቃሉ ያለባቸውን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ወደ አማርኛ እንዲመልሱ ጠየቅኳቸው። አንዱ ስለ አንድ የግድያ ሴራ ነበር። ብዙዎቹ «ሰይጣናዊ ሴራ» አሉ፤ ጥሩ ነው። ሁለተኛው ወደ ሥራ ሲሄድ መንገድ ተዘጋግቶበት ያረፈደ የለንደን ሰው «ትራፊኩ ዲያቦሊካል ነበር» የሚልበት ነው። ክፍሉ ዝም አለ። ያ ስልኩን ከፍ አድርጎ የጠየቀኝ ልጅ ትንሽ አሰበና «መንገዱ አበሳ ነበር» አለ። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ «ቲቸር፣ ‹አበሳ› እኮ ኃጢአት ማለት ነው» አለችና የግዕዙን አቡነ ዘበሰማያት ከመሃል ጀመረችልን፦ «ኅድግ ለነ አበሳነ ወጌጋየነ…»